ለመቱ የሬዲዮ ሞገድ ማን ይክፈል?

ቡና በሚለቀምበት በኅዳር ወር ከጎሬና ከመቱ እስከ ያዩና በደሌ ባሉት የቀድሞው ኢሉባቦር ከተሞች የገበያው ጥያቄ አንድ ነው፤ ጀንፈል ዛሬ ስንት ገባ? ቡናውን ከገበሬው የሚገዛው ሰብሳቢ ዋጋውን ከአቅራቢው በስልክ ሰምቷል። ገበሬው ግን የሚሰማው ከራሱ ከሰብሳቢው ነው፤ ማለትም ዋጋው ዝቅ ቢል ከሚጠቀመው ሰው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የዕለት ዋጋን በሬዲዮና በስልክ መልእክት ጭምር ለማሰራጨት የተነሳው ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነበር። በሬዲዮ የተነገረ ዋጋ አንዱ ስለሰማው ለሌላው አይጎድልም፤ ያልከፈለውንም እንዳይሰማ ማድረግ አይቻልም። እንዲህ ያለውን አገልግሎት ትርፍ ፈላጊ ድርጅት በበቂ መጠን አያቀርበውም፤ ቢያቀርበውም ሂሳቡን የሚልክለት ደንበኛ የለውም። ስለዚህ የሕዝብ ብሮድካስት የገንዘብ ምንጭ ጉዳይ መመዘን ያለበት ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ ሳይሆን ከመቱ ገበያ ተነስቶ ነው። ከዚያ ሲታይ መልሱ ማስታወቂያም በየቤቱ የሚሰበሰብ ክፍያም አይደለም፤ ለበርካታ ዓመታት በሕግ የተቆረጠ የበጀት ድርሻ ነው።

ማስታወቂያ የመንግሥትን ካዝና ያሳርፋል የሚሉ አሉ። አስነጋሪው ግን የሚከፍለው ለሚገዛው ጆሮ ነው፤ የሚገዛው ደግሞ በብዛት ያለው ዋና ከተማው ውስጥ ነው። የሕዝብ ጣቢያ በማስታወቂያና በአየር ሰዓት ሽያጭ እንዲተዳደር ሲገፋ ምሽቱን ለተባባሪ አዘጋጆችና ለስፖንሰሮች ያከራያል፤ የቡና ዋጋና የወባ ማስጠንቀቂያ ወደማይሰማበት ሰዓት ይገፋሉ። ገቢውም ቢሆን አይታመንም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲከለክል፣ በደሌን ጨምሮ የቢራ ስሞች ከአየር ላይ ወረዱ፤ በእነሱ ስፖንሰርነት የቆሙ ፕሮግራሞችም ተናጉ። ክልከላው ለጤና ተገቢ ነበር። ጥያቄው የሕዝብ አገልግሎት ለምን በቢራ ጠማቂ ኪስ ላይ ይንጠለጠላል የሚለው ነው። በዚያ ላይ በጀት የሚቆረጥለት ጣቢያ ለማስታወቂያ ሲሻማ፣ ሌላ መተዳደሪያ የሌለውን የግል ሚዲያ ያደክማል።

በየቤቱ የሚሰበሰበው ክፍያም ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ አይደለም። ቢቢሲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 ከአንድ ቤተሰብ 174 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም በዓመት እየሰበሰበ እንኳ፣ ቻርተሩ በ2027 መጨረሻ ሲያበቃ ምን እንደሚተካው ክርክር ላይ ነው። በደቡብ አፍሪካ 265 ራንድ የሆነውን ዓመታዊ ክፍያ አብዛኛው ባለቴሌቪዥን አይከፍልም። ከመብራት ሂሳብ ጋር ቢያያዝስ? መቱ ውስጥ በአንድ ቆጣሪ ሦስትና አራት ተከራይ መጠቀሙ የተለመደ ነው፤ አከራዩ የተጨመረችውን ብር ለእያንዳንዱ ደጋግሞ ሊያስከፍል ይችላል። መብራት ያልገባለት፣ በባትሪ ሬዲዮ የሚያዳምጠው ገበሬ ደግሞ አይከፍልም፤ እሱ ከከፋዮቹ መሐል ስለሌለም የሚዘጋጅለት ፕሮግራም እየሳሳ ይሄዳል።

በጀት ቢሆንም በየዓመቱ ከተለመነ አይረባም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሳተላይት ኪራይና የማሰራጫ መለዋወጫ የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው፤ በብር የጸደቀ በጀት በዓመቱ መሐል ሲሟሽሽ መጀመሪያ የሚቀረው የሩቅ ጣቢያ ጥገና ነው። ድርሻው ለአምስት ዓመት ይቆረጥ፤ ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከል፤ የማሰራጫና የክልል ዘገባ ወጪ ለብቻው ይያዝ፤ ለደሞዝም አይዛወር። ለሬዲዮ ማሰራጫ ለምን ይወጣል፣ ዛሬ ሁሉም በስልኩ ያዳምጣል የሚለው ተቃውሞ ለአዲስ አበባ ይሠራል። ስልክ የዳታ ክፍያና ኔትወርክ ይፈልጋል። ኤፍ ኤምም ቢሆን በኢሉባቦር ተራሮች ይጋረዳል፤ መሬት ተከትሎ የሚሄደው የመካከለኛ ሞገድ ግን ከኮረብታ ባሻገር ይደርሳል። መቱ ላይ እንዲህ ያለ ማሰራጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ገንዘቡን የሚሰጠው ድምፁንም ያዛል። ልክ ነው፤ የእስካሁኑ ልምዳችንም ይኸው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዝዛል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተቆጣጣሪውን ባለሥልጣን ለተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ በማድረግ ወደዚያ አንድ እርምጃ ሄዶ ነበር። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ግን የዋና ዳይሬክተሩን ሹመት ከምክር ቤቱ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አዛወረ፤ በእኔ ግምት ይህ ወደኋላ መመለስ ነው። የአምስት ዓመቱ ድርሻ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ዘገባ ያስቆጣው ሹም በቀጣዩ ሰኔ በጀት ሊቀንስ አይችልም። ያለ ነጻ ተቆጣጣሪ ግን ቋሚ ገንዘብ ቋሚ አፈ ቀላጤ ከመግዛት አያልፍም። ስለዚህ ምክር ቤቱ የቀጣዩን ዓመት በጀት ከማጽደቁ በፊት ሹመቱን ወደ ራሱ ይመልስ፤ ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ይቁረጥ።