ብሎክቼይን በከፍተኛ ትምህርት ምዘና

ብሎክቼይን በከፍተኛ ትምህርት ምዘና ሲባል የተማሪን ውጤት፣ የኮርስ ምስክር ወረቀት ወይም ዲግሪ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በተባዛ የጋራ መዝገብ አማካይነት ማረጋገጥ ማለት ነው። ብሎክቼይን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ በጀመረው ቢትኮይን ቢሆንም፣ ለትምህርት የሚፈለገው ገንዘቡ ሳይሆን መዝገቡ ነው፤ አንድ ጊዜ የገባ ጽሑፍ ሳይታወቅ ሊፋቅ ወይም ሊለወጥ አይችልም።

በተለመደው አሠራር ዲግሪ የሚረጋገጠው ሰጪውን ተቋም በመጠየቅ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ ከሬጅስትራር በቀጥታ የሚላከውም በመንገድ ላይ የባለቤቱ እጅ እንዳይገባበት ነው። ተቋሙ ከተዘጋ ወይም መዝገቡ ከጠፋ ግን የሚጠየቅ አካል አይኖርም።

አሠራር

ብዙ ሰው እንደሚገምተው ዲግሪው ራሱ ብሎክቼይን ላይ አይጫንም፤ የሚጫነው አሻራው ነው። ዩኒቨርሲቲው የተማሪውን ስም፣ የትምህርት ዘርፍና ውጤት የያዘ ፋይል አዘጋጅቶ ሃሽ በሚባለው ስሌት ያሳልፈዋል። ለምሳሌ ሻ-256 የተሰኘው ስሌት ከአጭርም ሆነ ከረጅም ፋይል በ64 ፊደላትና አኃዞች የሚጻፍ አሻራ ያወጣል። በፋይሉ ውስጥ «ሲ» የነበረ ውጤት ወደ «ኤ» ቢቀየር አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ፋይሉ ተማሪው እጅ ይቀራል። ቀጣሪው ፋይሉን ሲቀበል አሻራውን በኮምፒውተሩ አስልቶ ብሎክቼይን ላይ ካለው ጋር ያመሳክራል፤ ከተገጣጠመ ፋይሉ አልተነካም ማለት ነው። ሰጪው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በዲጂታል ፊርማ ነው። የብዙ ተመራቂዎች አሻራ ተጣምሮ አንድ የጋራ አሻራ ስለሚወጣለት፣ ለአንድ ምርቃት አንድ ምዝገባ ሊበቃ ይችላል።

አጀማመር

በቆጵሮስ የሚገኘው የኒኮሲያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዲጂታል ገንዘብ በኢንተርኔት ለሰጠው ኮርስ የምስክር ወረቀቶችን አሻራ እ.ኤ.አ. በ2014 በቢትኮይን ብሎክቼይን ላይ አስመዘገበ። በ2017 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ብሎክሰርትስ በተባለው ክፍት ደረጃ ለ111 ተመራቂዎች ዲጂታል ዲፕሎማ በሙከራ ሰጠ፤ ተመራቂዎቹ ዲፕሎማቸውን በስልካቸው ይይዙ ነበር። በኢትዮጵያ የትምህርት ሚኒስቴርና ኢንፑት አውትፑት የተባለው ኩባንያ በ2021 የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በካርዳኖ ብሎክቼይን የመመዝገብ ዕቅድ ይፋ አድርገዋል። ዕቅዱ ያተኮረው ግን በዩኒቨርሲቲዎች ላይ ሳይሆን በትምህርት ቤቶች ላይ ነበር።

ገደቦች

ብሎክቼይን የሚመሰክረው ውጤቱ ከተመዘገበ በኋላ አለመነካቱን ብቻ ነው። ውጤቱ እንዴት እንደተገኘ አያውቅም። ሙድልን በመሳሰሉ የዲጂታል መማሪያ ሥርዓቶች ፈተና፣ የቤት ሥራና የመምህሩ አስተያየት በየጊዜው ይመዘገባሉ፤ ከእነዚህ የሚወጣው ነጥብ በብሎክቼይን ቢታተም፣ በኋላ ነጥቡን በድብቅ የሚያሻሽል ሠራተኛ ይጋለጣል። ይሁን እንጂ ፈተናውን በተማሪው ስም የወሰደው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ወይም መምህሩ መጀመሪያውኑ ያልተገባ ነጥብ ካስገባ፣ ሐሰቱም እንደ እውነቱ በጽኑ ይጠበቃል። ስለዚህ የፈተና ቁጥጥርንም ሆነ የመምህሩን ሐቀኝነት አይተካም።

ሌላው ችግር እርማት ነው። በስህተት የተሰጠ ዲግሪ ከመዝገቡ ስለማይፋቅ፣ ዩኒቨርሲቲው የተሰረዙ ምስክር ወረቀቶችን ዝርዝር ለብቻው ያወጣል። ቀጣሪውም ይህን ዝርዝር ማየት ስለሚኖርበት፣ ሰጪውን ተቋም ከመጠየቅ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀም።