መጽሐፍ እስከ ጋጣው በር ያደርሳል

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ ዛሬ ለምናነሣው ጉዳይ፥ ይኸውም የእንስሳት ሕክምና ተማሪ የፈረስን በሽታ እንዴት አድርጎ በእጁ ሊማር እንደሚገባው ለምንጽፈው ነገር፥ እጅግ የተስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። መጽሐፍም እንደ ፈረስ ነውና ተማሪውን እስከ ጋጣው በር ያደርሰዋል፤ ከበሩ ወዲያ ግን ዓይኑ፥ ጆሮውና እጁ ካልሠለጠኑ መጽሐፉ ሊዋጋለት አይችልም።

አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸውን የማያውቅ ተማሪ የለም። ዛሬ ፈረስ ከጦር ሜዳ ወጥቶ ጋሪ ይስባል፥ እህል ይጭናል፥ በደጋው አገር ሰው ያመላልሳል። በኢትዮጵያ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች እንዳሉ ይገመታል። ክብሩ ቢቀንስም ሥራው አልቀነሰም ማለት ነው።

የእንስሳት ሕክምና ትምህርትም ቢሆን የተወለደው ከፈረስ አጠገብ ነው። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ፥ በ1762 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት የከፈተው ክሎድ ቡርዥላ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት አለቃ ነበረ። በእኛም አገር የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመው በጋሪ ፈረሶቿ ስትታወቅ በኖረችው በቢሾፍቱ ነው። ስለዚህ ተማሪው ሕመምተኛ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም።

ተማሪው ከፈረስ ፊት ሲቆም በመጀመሪያ የሚማረው መድኃኒት መስጠትን ሳይሆን አቀራረብን ነው። ፈረስ ከጀርባው ቀጥታ ያለውን አያይምና ከኋላ ድንገት የመጣበትን ይራገጣል። ስለዚህ በግራ ትከሻው በኩል፥ ድምፅ እያሰሙ፥ በዝግታ ይቀርቡታል። ቀጥሎም የጤነኛ ፈረስ ልክ ይጠናል። ይህም ሥራ ሳይሠራ ቆሞ ሳለ የልቡ ምት በደቂቃ ከ28 እስከ 44፥ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16፥ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ መሆኑ ነው። ድዱን በአውራ ጣት ተጭነው ሲለቁት የነጣው ቦታ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ወደ መልኩ መመለስ አለበት። እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ሌሊት መሸምደድ ይቻላል። የታመመውን ከጤነኛው በመዳሰስ ለይቶ ማወቅ ግን ብዙ ጤነኛ ፈረስ መዳሰስን ይጠይቃል።

የሆድ ቁርጠትን ለምሳሌ እንውሰድ። ፈረስ ማስታወክ የማይችል እንስሳ ነው። ጨጓራው በምግብ ወይም በጋዝ ከተወጠረ መውጫ ስለሌለው እስከ መፈንዳት ሊደርስ ይችላል። ሐኪሙ በአፍንጫው ቱቦ አስገብቶ ጨጓራውን ሲያስተነፍስለት ነፍሱን ያተርፈዋል። ነገር ግን ያው ቱቦ ስቶ በአየር ቧንቧው ከገባና ዘይት ወይም ውሃ ከተንቆረቆረበት ፈረሱን የሚገድለው በሽታው ሳይሆን ሐኪሙ ይሆናል። ቱቦው በጉሮሮው ትክክለኛ መንገድ ሲወርድ በአንገቱ ግራ በኩል ይታያል፤ ይህንንም ለማየት የለመደ ዓይን ያስፈልጋል።

ማነከስም እንዲሁ ነው። በፊት እግሩ የሚያነክስ ፈረስ ሲሮጥ ጤነኛው እግር መሬት ሲረግጥ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፥ የታመመው ሲረግጥ ደግሞ ቀና ይላል። ይህን ያልተለማመደ ተማሪ ራሱ ዝቅ ያለበትን እግር የታመመ መስሎት ደኅናውን ኮቴ ሲፍቅ ይውላል።

«እንግዲያው ተማሪው በማን ፈረስ ይለማመድ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የድሃ ባለጋሪ ፈረስ የሙከራ ዕቃ መሆን የለበትም። በተለይ እጅን በፊንጢጣ አስገብቶ አንጀትን መመርመር፥ ስስ የሆነውን የአንጀት ግድግዳ ቢቀድ ለሞት የሚያደርስ ነው። ስለዚህ መልካም ሥልጠና ደረጃ አለው። ተማሪው በመጀመሪያ ለልምምድ በተሠራ ምስልና በሞተ እንስሳ አካል፥ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ በሚያኖራቸው ጤነኛ ፈረሶች፥ በመጨረሻም መምህሩ አጠገቡ ቆሞ በሕመምተኛው ላይ ይሠራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በቱቦም በማዳመጫም የማይገኘው ነው። ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባለው፥ በፈንገስ የሚመጣውና ቆዳውን በተርታ እያበጠ የሚያቆስለው በሽታ፥ የጋሪ ፈረሶቻችንን ክፉኛ ያጠቃል። በዝንብና በቁስል ንክኪ፥ በተበከለ የጋሪ ዕቃም ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ተማሪው በፈተና ወረቀት ላይ «ፈረሱ ከሌሎች ተለይቶ ይረፍ» ብሎ ቢጽፍ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። በክሊኒኩ በር የቆሙት ሽማግሌ ባለጋሪ ግን ፈረሱ ዛሬ ካልሠራ ማታ ለልጆቻቸው የሚያበሉት የላቸውም። «አባቴ፥ ፈረስዎ መኖ ከተወ ስንት ሰዓት ሆነው?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ፥ መልሱን በትዕግሥት መስማት፥ ከዚያም እንጀራቸውን ሳይዘጋ በሽታውም እንዳይዛመት የሚሆነውን መላ ከእርሳቸው ጋር መምከር የሕክምናው ግማሽ ነው። ይህን በአዳራሽ የሚያስተምር ሰሌዳ አላየንም።

አንባቢዎቻችን ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ናቸውና ለሁለቱም አንድ አንድ ቃል አለን። ተማሪው ሲመረቅ ስንት ምዕራፍ እንዳነበበ ብቻ ሳይሆን በስንት ፈረስ ላይ እጁን እንዳሳረፈ ራሱን ይጠይቅ፤ የሠራውንም በመዝገብ ይያዝ። የበጀት ዝርዝር የሚመረምረው ወጣት ሹም ደግሞ «ለማስተማሪያ ፈረሶች የድርቆሽና የገብስ መግዣ» የሚል መስመር ሲያጋጥመው፥ እስክሪብቶውን ከማንሣቱ በፊት ጥቂት ያስብ። ያ ድርቆሽ የፈረስ መኖ ብቻ ሳይሆን ለተማሪው እንደ መማሪያ መጽሐፍ ነው። ከዝርዝሩ ቢሰረዝ ተማሪው የመጀመሪያ ስሕተቱን የሚሠራው በባለጋሪው ፈረስ ላይ ይሆናል፤ ዕዳውንም የሚከፍሉት እኒያ ሽማግሌ ናቸው።