አሲድና በረኪና አብረው አይሆኑም

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጥቂት እንላለን። ነገሩ የኬሚስትሪ ተማሪ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ግን የትምህርት ቤት ሽንት ቤት የሚታጠብበት ስለሆነ ሁላችንንም ይመለከታል።

ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ጋዝ በውሃ ሲሟሟ የሚገኝ ፈሳሽ ነው። ቀለም የለውም፣ አንዳንዴ ቢጫማ ይሆናል። ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ የሚያቃጥል ትነት ያወጣል። በጨጓራችን ውስጥ ያለውም ይኸው አሲድ ነው፤ ልዩነቱ የጨጓራው በጣም የቀጠነ መሆኑ ነው።

ጥቅሙ ብዙ ነው። ዝገት ያነሳል፣ የደረቀ የሲሚንቶ ፍንጣሪና ውሃ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ያሟሟል። ሲፈስበት አረፋ የሚያወጣው ቅርፊቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ነው። ቆርቆሮ ላይ ግን አታፍስሱ። የዚንክ ልባሱን ይበላዋል፣ እሳት የሚይዝ ሃይድሮጅን ጋዝም ያወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «አንዱ ካጸዳ ሁለቱ ሲደባለቁ ይበልጥ ያጸዳሉ» ብለው አሲድና በረኪና የሚቀላቅሉ ሰዎች አሉ። ይህ ትልቅ ስህተት ነው! ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች የተገደሉበት ጋዝ እሱ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደታች ይተኛል፤ ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚያጸዳውን ሰው ቶሎ ያፍነዋል። ለኮሌራ መከላከያ ክሎሪን በተረጨበት ቦታም አሲድ አይጨመርም። ሽታው ከመጣ ሁሉን ትቶ ወደ ንጹህ አየር መውጣት ነው።

ሌሎች ጥንቃቄዎች፦

- ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ በርና መስኮት ክፈቱ።
- ስታቀጥኑ አሲዱን ቀስ እያላችሁ ውሃው ላይ ጨምሩ። ውሃ አሲድ ላይ ከተጨመረ ግሎ ይፈናጠራል።
- ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጀሪካን ንጹህ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያው፣ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ወደ ክሊኒክ። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡ።
- የዋጠ ሰው አፉን ይጉመጥመጥ፣ እንዲያስታውክ ግን አታድርጉት። ሲመለስ ጉሮሮውን እንደገና ያቃጥለዋል። በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰድ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልናዘዝ። አንድ ቀን ከጽዳት የተረፈውን አሲድ በሃይላንድ ጠርሙስ አድርጌ ክፍሉ ጥግ አስቀመጥኩት። ከእረፍት ስመለስ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ክዳኑን እየከፈተ ደረስኩ። ውሃ መስሎት ነው፤ ማን ይፈርድበታል? ጠርሙሱን ያስቀመጥኩት እኔ፣ የሳይንስ አስተማሪው ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አሲድ ከመጣበት ዕቃ አይወጣም፣ ሳጥኑም ይቆለፋል። እናንተም ዛሬውኑ ቤታችሁን ፈትሹ።