ሜትርና እርሳስ ከመርፌ ይቀድማሉ

ዛሬ የምጽፍላችሁ አንዲት ጀማሪ ልብስ ሰፊ የመጀመሪያ ቀሚሷን እንዴት ሰፍታ እንደጨረሰች ነው። ረዳቷ እኔ ነበርኩ። ረዳቷ ስል ግን ከተበላሸው ውስጥ ትልቁን ያበላሸሁት እኔው መሆኔን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ነገሩ የሆነው በጎንደር ከተማ፣ አራዳ ሰፈር ነው። አጎቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። በኅዳር ወር አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ወለደች ተብሎ ተደወለና እርሳቸውና ባለቤታቸው አራስ ሊጠይቁ ተነሡ። ጥምቀት አልፎ እስኪመለሱ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። ዕድሜዬ 20 ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ሥራ ፈላጊ ስለሆንኩ «አንተ መቼም ሥራ የለህ» ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር ሥራ መፈለግም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጠዋት ጠዋት የማስታወቂያ ሰሌዳ አነባለሁ፣ የትምህርት ማስረጃዬን ፎቶ ኮፒ አስነሣለሁ፣ ሰልፍ እይዛለሁ። «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» ከሚለው መስመር ስደርስ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግቢ እጠርጋለሁ፣ ዶሮዎቹን አበላለሁ፣ በር እጠብቃለሁ።

አጎቴ ሲወጡ የሰጡኝ ትእዛዝ አንድ ነው፦ «ሌላው ይቅር፣ መኪናዬን ማንም እንዳይነካት!» መኪናዬ የሚሉት ያችን አሮጌ፣ በእግር የምትረገጥ ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን ነው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእርሷ ነው።

ታዲያ በግድግዳ የምንዋሰን አንዲት ጎረቤት አለችን። ከወገራ ገጠር የመጣች ናት። ከባሏ ተለያይታ አንድ ልጅ ይዛ ጠላ እየጠመቀች ትኖራለች። በክረምት በጎ ፈቃድ ፊደል ሳስተምር ተማሪዬ ስለነበረች ታውቀኛለች። አጎቴ በሄዱ በሳምንቱ መጣችና፣ «ወንድምዬ፣ መኪናዋ እንዲሁ አቧራ ትጠጣለች እኮ። እስቲ እጄን ያዝልኝ፣ ስፌት ልልመድ» አለችኝ። እኔም ልጅ ሳለሁ ከአጎቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ መኪናዋን መርገጥና ቀጥ ያለ ስፌት መስፋት ለምጄ ነበር። የሚያስፈራኝ ትእዛዙ ነው። ሦስት ቀን አሰብኩበትና በአራተኛው ቀን መኪናዋን ገለጥናት። አጎቴን አላስፈቀድኩም። ይህን የምነግራችሁ ጥሩ አደረግሁ ለማለት አይደለም።

ለእርሷም ሌላ ፍርሃት ነበረባት። በእኛ አገር በበረንዳ ላይ መኪና ረግጦ የሚሰፋው በብዛት ወንድ ነው፤ ሴቷ እቤቷ ተቀምጣ በእጇ ትጠልፋለች። በዚህ ላይ በእጅ ሥራ የሚያድርን ሰው መናቅ የቆየ በሽታችን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና ቀጥቃጩን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። አዋጁ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ገና ከየመንደሩ ተጠርጎ አላለቀም።

ወደ ሥራው ልመለስ። መጀመሪያ ክር አላስገባንም። በአሮጌ ወረቀት ላይ በእርሳስ መስመር እያሰመርን ባዶ መርፌ በመስመሩ ላይ ማስኬድ ነው። እግር በእኩል ካልረገጠ መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ክር ቢኖር ኖሮ ወዲያው ተወሳስቦ ይበጠስ ነበር። አራት ቀን ወረቀት ስትበሳ ዋለች። እናንተም ጀማሪ ብትሆኑ ይህን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለዚሁ አውሉት፤ ጸሐፊው አይቀየምም።

በአምስተኛው ቀን ክር ስናስገባ አንድ ነገር ገረማት። የእጅ መርፌ ክር ማስገቢያዋ በጭራዋ በኩል ነው፤ የመኪና መርፌ ግን በጫፏ ናት። ለምን? መኪና የሚሰፋው በሁለት ክር ስለሆነ ነው። የላይኛው ክር በመርፌዋ ጫፍ ጨርቁን በስቶ ይወርድና ከሥር ትንሽ ቀለበት ይሠራል፤ የታችኛው ክር በዚያ ቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ መርፌዋ ስትመለስ ሁለቱ በጨርቁ መካከል ይቆላለፋሉ። ኤሊያስ ሀው የሚባል አሜሪካዊ ለዚህ ዓይነቱ ስፌት የባለቤትነት መብት ያገኘው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1846 ነው። ሲንጀር ደግሞ በ1851 የራሱን አሻሽሎ አወጣ። ስለዚህ ከጨርቁ ሥር ክሩ እንደ ጥጥ ተንጠልጥሎ ካያችሁ የላላው የላይኛው ክር ነውና እርሱን አጥብቁ። ከላይ ክሩ እንደ ገመድ ተወጥሮ ቀጥ ካለ ደግሞ ጠብቋልና አላሉት። የመርፌም ነገር አለ፦ ለስስ ጨርቅ 11 ቁጥር፣ ለመካከለኛው 14፣ እንደ ካኪ ላለው ወፍራም 16። ይህን ሳናውቅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት መርፌ ሰብረናል።

ከሁሉ ያስቸገረን ግን መርፌውም ክሩም አይደለም። ሜትሩ ነው! ጎረቤቴ ፊደል ለይታለች፣ ስሟንም ትጽፋለች። ሜትር ይዛ ደረቴን ለኪ ስላት ለካችና «35» አለችኝ። ሳቅሁ። ፊቷ ሲለወጥ ባየሁ ጊዜ ግን አፈርኩ። ቁጥሩን በትክክል ነው ያነበበችው። የሰፊ ሜትር ሁለት ፊት አለው፤ በአንዱ ፊት እስከ 150 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው ፊት እስከ 60 ኢንች ተጽፎበታል። አንዱ ኢንች ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህላል። እርሷ የለካችው በኢንቹ ፊት ነበር። ይህን አስቀድሞ መንገር የነበረብኝ አስተማሪው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ በኢንቹ ፊት ጫፍ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረግንበት።

ታኅሣሥ ሲጋመስ የመጀመሪያው ሥራ መጣ። የሰፈራችን አንዲት እናት ለልጃቸው የጥምቀት ቀሚስ የሚሆን ባለ ጥለት የሸማኔ ጨርቅ ይዘው መጡ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለውን መቼም ታውቃላችሁ። በእኛ በጎንደር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ከቀሓ ወንዝ ውሃ ወደሚሞላው የአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ አሮጌ ቀሚስ ለብሳ መቆም የምትፈልግ ልጃገረድ የለችም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በዓሉ በዩኔስኮ መዝገብ ስለገባ እንግዳውም ብዙ ነው። እኚያ እናት ለታወቀ ሰፊ የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። ጎረቤቴን «እጅሽን ትፈቺበታለሽ» ብለው አመኗት። ሌላ ጨርቅ ግን የላቸውም።

የሸማኔ ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ መድረቅ አለበት፤ አለዚያ ቀሚሱ ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰባል። ይህን አውቀን አደረግን። ጎረቤቴ የልጅቷን ደረት ለካች፤ 88 ሳንቲ ሜትር። በቃላችን ያዝነው። ጨርቁ በአራት ታጥፎ ስለሚቆረጥ እኔ ሒሳቡን በኩራት ሠራሁት፤ 88 ለ4 ሲካፈል 22። «22 ላይ ቁረጪ» አልኳት። ቆረጠች። ጎንና ጎኑን ሰፋች። ስፌቷ እንደ ክራር ጅማት ቀጥ ያለ ነበር። ልጅቷ ልትለካው መጣች፤ ቀሚሱ ከደረቷ ላይ ቀረ።

ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ አያችሁ? ስፌት ጨርቅ ይበላል። በእያንዳንዱ ጠርዝ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከ22ቱ የቀረን 20 ተኩል ነው። በአራት ሲባዛ 82። ልጅቷ 88፣ ቀሚሱ 82! ደግሞ ሰው ይተነፍሳል፣ ይታጠፋል፣ ይጨፍራል። ከገላ ላይ ቢያንስ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ምቾት መጨመር ነበረበት። ይኸውም 88 ሲደመር 8፣ 96፤ ለአራት ሲካፈል 24፤ የስፌቱ አንድ ተኩል ሲጨመር 25 ተኩል። ሒሳብ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ አልፌ፣ ይህችን አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ረሳኋት።

ጎረቤቴ አላለቀሰችም። ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝም አለች። በኋላ «ጠላዬን ብጠምቅ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያች ቃል ስድብ ይሻለኝ ነበር። የሰው ጨርቅ፣ የሰው መኪና፣ የሰው ቤት፤ ሁሉም በእኔ እጅ ነው። በዚያ ማታ ስልኬን አንሥቼ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ደወልኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናዘዝኩ።

አጎቴ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ፣ «ልኩን የት ላይ ጻፋችሁት?» አሉ።

«በቃላችን ነው የያዝነው፣ ጋሼ።»

«በል ከአልጋዬ ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ ደብተሬን አውጣ።»

ስለዚያ ደብተር ልንገራችሁ። አጎቴ በልጅነታቸው እረኛ ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መንደራቸው ሲደርስ ነው ፊደልና ቁጥር የቆጠሩት። ሰፊነቱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በደብተሩ እያንዳንዱ ገጽ ላይ የአንድ ሰው ልክ አለ፤ «ደ» ደረት፣ «ወ» ወገብ፣ «ዳ» ዳሌ፣ «ት» ትከሻ፣ «ቁ» ቁመት። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ደግሞ መደመር ምልክት አድርገው ሌላ ትንሽ ቁጥር ጽፈዋል። ያ ትንሽ ቁጥር እኔ የረሳሁት ነው። እኔ ከ12 ዓመት ትምህርት ያላመጣሁትን እርሳቸው ከሰፈር ዳስ ይዘውት ወጥተዋል። ጎረቤቴ ደብተሩን አንድ በአንድ እየገለጠች ጮክ ብላ አነበበችው። ቁጥር ስታነብ ሳትቆም ስትቀጥል የሰማኋት ያን ማታ ነው።

አጎቴ በስልክ መፍትሔውንም ነገሩን። እጅጌው ገና አልተገጠመም ነበርና የጎኑን ስፌት ተረተርን። ከብብት እስከ ታች ድረስ በሁለቱም ጎን 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ አስገባን። ከዚያ ውስጥ ሦስቱን ስፌት ስለሚበላው 7 ይቀራል፤ ሁለት ጊዜ 7፣ 14፤ 82 ሲደመር 14፣ 96። ለዚህ የዋለው ከሥር የተረፈው ባለ ጥለቱ ጨርቅ ነው። የብብቱ ቀዳዳ ስለሰፋ እጅጌውንም አስፍታ ቆረጠች። በዚህ ጊዜ ከመቁረጧ በፊት በወረቀት ላይ ጻፈችው፤ እኔ ሒሳቡን ልሥራልሽ ስላት «ቆይ፣ ራሴ» አለችኝ። በከተራ ዋዜማ የመኪናዋ ችንጋ ተበጠሰና የታችኛውን ጠርዝ በኩራዝ ብርሃን በእጇ ሰፍታ ጨረሰች።

ሰው ግን አይተዋትም። አንዲት ዘመዷ «ስፌት ከቻልሽማ ለምን ኢንዱስትሪ ፓርክ አትገቢም?» እያለች ትጎተጉታት ነበር። ይህ ጥያቄ በብዙ የገጠር ቤት ስላለ የማውቀውን ልበላችሁ። የሐዋሳው ፓርክ በ2008 ዓ.ም.፣ የኮምቦልቻው በ2009 ዓ.ም. ተመርቀው ብዙ ሺህ ልጃገረዶች ከገጠር እየወጡ ገብተውባቸዋል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ንግድ ትምህርት ቤት በ2011 ዓ.ም. ያወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር እንደነበረ ጽፏል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ አገራችንን ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ ስታስወጣ ሥራው ተናጋ። ደመወዝ ደመወዝ ነው፤ ወር ጠብቆ ይመጣልና የምትሄደውን አልነቅፍም። ነገር ግን በፋብሪካ አንዷ ቀኑን ሙሉ ኪስ ብቻ፣ ሌላዋ ኮሌታ ብቻ ትሰፋለች። ሙሉ ቀሚስ ከልክ እስከ ቁልፍ መሥራት የሚለመደው በሌላ ቦታ ነው። በእግር የምትረገጥ መኪና ደግሞ መብራት አትጠይቅም፤ መብራት ባልገባበት ቀበሌም፣ በገበያ ቀን ከዋርካ ሥርም ትሠራለች። ጎረቤቴ አስባበት ቀረች።

አጎቴ የተመለሱት ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ዕቃቸውን ሳያወርዱ ወደ መኪናዋ ሄዱ። መንኮራኩሩን በእጃቸው አዞሩ፣ ዘይቱን በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱ፣ አዲሱን ችንጋ ሳብ ሳብ አደረጉ። ችንጋውና ዘይቱ የተገዙት በጎረቤቴ የመጀመሪያ ክፍያ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ስድቡን እጠብቃለሁ። እርሷም ከኋላዬ ቆማለች።

«መኪናዬን ነክተሻታል» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ደብተሬንስ?»

ደብተሩን አመጣችላቸው። በመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሷ እጅ፣ ትልልቅና ዘመም ባለ ፊደል የልጅቷ ልክ ተጽፏል፤ ከ88ቱም ጎን መደመር ምልክቱና 8 አሉ። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«የክንዱስ?» አሉ።

«እርሱን ሳንጽፈው ቀረን። በልጅቷ ላይ አድርገን ነው የቆረጥነው።»

እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱና ከ«ቁ» በታች «ክ» ብለው ጻፉ። ከጎኑ ቦታውን ባዶ ትተው ደብተሩን መለሱላት። «ቅዳሜ እኔ ገበያ እውላለሁ፤ መኪናዋ ባዶ ናት። ልጅቷን ጥሪያትና ለኪያት» አሏት።