የወለጋ ግድግዳዎች፦ የወረቀት እጅ ሥራና የፎቶግራፍ ፍሬም በቤት ውስጥ

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ ወይም በሻምቡ ወደ አንድ ቤት ሳሎን የዘለቀ እንግዳ ቡናው እስኪፈላ ድረስ የቤተሰቡን ታሪክ ከግድግዳው ያነባል። የልጅ ምረቃ፣ የሰርግ ቀን፣ የአያት ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶግራፍ በየፍሬሙ ተሰቅሏል። ቤቱ የወንጌላውያን ከሆነ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በመስታወት ውስጥ ይታያል፤ የኦርቶዶክሳውያን ከሆነ የእመቤታችን ሥዕል ትንሽ መጋረጃ ተሠርቶላት፤ የሙስሊሞች ከሆነ የካዕባ ምስል ወይም በዓረብኛ የተጻፈ የቁርአን አንቀጽ። በፍሬሙ ዙሪያ የወረቀት አበባ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ጠርዝ፣ አንዳንዴም በኪሮሽ የተሠራ ዳንቴል ይጨመራል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ የቤቱ ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ሥራቸውም እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ስለሚቆጠር ስለ ሸማ፣ ስለ ሸክላና ስለ ወርቅ ሥራ የሚጽፉ ሰዎች ያልፉታል። እዚህ ላይ የምከራከረው በተቃራኒው ነው። በወለጋ ከተሞች የወረቀትና የፍሬም እጅ ሥራ ከቀድሞው የቤት ማስጌጥ ሙያ የወረደ እውነተኛ ጥበብ ነው፤ ወደ ፊት መኖር አለመኖሩን የሚወስነውም የውጭውን አብረቅራቂ ዕቃ መኮረጁ ሳይሆን ለአገሩ ዝናብ፣ ለአገሩ ምስጥና ለአገሩ ቃጫ መልስ መስጠቱ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሳው ተቃውሞ «ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው» የሚለው ነው። ወረቀቱ ከውጭ መምጣቱ እውነት ነው፤ ሙያው ግን እዚሁ ነበር። የኦሮሞ እናቶች የሚሰፉት ጉንዶ፣ በመላው አገሪቱ የሚታወቀው ሌማትና መሶብ፣ ሐረር ውስጥ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የሚሞላው ስፌት፣ ሁሉም ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ አይደሉም። ሥራ በማይኖርበት ሰዓት ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ ቤት ያሳምራሉ፤ የሰፊዋን እጅ ለጎረቤት ያሳያሉ። አክርማውን የምትቀልም፣ ሰንደዶውን የምትመርጥ፣ ቀለሙ በየትኛው ዙር እንደሚለወጥ ሳትጽፍ የምትቆጥር ሴት ወረቀት ቆርጣ ስታጣጥፍ አዲስ ነገር አልጀመረችም። ክፈፍን በጌጥ መክበብም ቢሆን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፊዎች የገጹን ራስና ጠርዝ የሚያለብሱበት ሐረግ ተጠላልፎ የሚሄድ የክፈፍ ጌጥ ነው፤ አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታዊ ወንጌላት የማውጫ ሰንጠረዦቻቸው በአምድና በቅስት ጌጥ ተከብበው እናያለን። የራሱ የክፈፍ ጥበብ ይህን ያህል ዕድሜ ያለው አገር ለፎቶግራፍ ጠርዝ የሚሆን ሐሳብ ከሌላ ቦታ መዋስ አያስፈልገውም።

ወረቀት ራሱ ወደ ወለጋ በብዛት የገባው ከትምህርትና ከመጽሐፍ ጋር ነው። ተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ከታተመ በኋላ ሁለቱም በ1904 ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ ኦኔሲሞስ ነቀምቴ ላይ እያስተማረ ኖሮ በ1931 አረፈ። በዚያ ዘመን የታተመ ገጽ ውድ ነገር ነበር። በኋላ ግን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ጋዜጣ፣ ከዚያም የኦሮምኛው ጋዜጣ በሪሳ ወረቀትን ለተራው ቤት አደረሱት፤ የተነበበ ጋዜጣም አይጣልም። በጭቃ በተለሰነ ግድግዳ ላይ በዱቄት ሙጫ ይለጠፋል፤ አፈሩ እንዳይራገፍ ይይዛል፤ ክፍሉን ያበራል፤ ልጆች ተኝተው ፊደል ይለዩበታል። የጋዜጣው ግድግዳ በድህነት የመጣ መፍትሔ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ፎቶግራፍ ያለባቸውን ገጾች መርጦ ከዓይን ትይዩ ማድረግ፣ የመጽሔት ባለቀለም ሽፋን ከአልጋ ራስ በላይ ማዋል፣ ጠርዙን በሌላ ቀለም ወረቀት መዝጋት ምርጫ ነው፤ ምርጫ ባለበት ደግሞ ሙያ አለ።

ከታተመው ወረቀት ቀጥሎ የዚህ ጥበብ ሁለተኛው ምንጭ በዓልና ትምህርት ቤት ናቸው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ ልጆች አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ ወፍና መልአክ በወረቀት ላይ ሥለው በማለዳ ለጎረቤትና ለዘመድ ያድላሉ፤ በምላሹ ሳንቲም ይቀበላሉ። በአገራችን ሰፊ ሕዝብ የሚሳተፍበት የወረቀት ጥበብ ይህ ይመስለኛል፤ የታተሙ ካርዶች ቦታውን እየወሰዱበት መሆኑም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በካርድ የሚተካው ሥዕሉ ብቻ ሳይሆን ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው የመጀመሪያ ገንዘብም ነው። ለሰርግ ድንኳን የሚዘረጋው ባለቀለም ወረቀት፣ ለምረቃ የሚያዘው አበባ፣ ለገና ጥድ የሚቆረጠው ኮከብ ከዚሁ ወገን ናቸው። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ የእጅ ሥራን ለረጅም ጊዜ በትምህርትነት ሰጥቷል። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የተቋቋሙት የፔዳጎጂ ማዕከላት መምህራን ከካርቶን፣ ከተነከረ ጋዜጣና ከሸክላ አፈር የማስተማሪያ መርጃ እንዲሠሩ ያሠለጥኑ ነበር፤ በነቀምቴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ እንዳሉት ባሉ ተቋማት የሚሠለጥን መምህርም ዛሬ ድረስ ከአካባቢው ዕቃ መርጃ መሥራት ይጠበቅበታል። ጋዜጣ ውኃ ውስጥ አርሶ፣ ወቅጦ፣ በሙጫ ለውሶ የመሬት ሉል ያበጀ መምህር የፍሬም ጠርዝ ላይ የአበባ ቅርጽ ማውጣት አያቅተውም።

ፍሬሙ የፎቶግራፍ ልጅ ነው። ፎቶ ቤት በየከተማው ከተከፈተ በኋላ አናጺው ጠርዙን፣ መስታወት ቆራጩ ፊቱን፣ ቤተሰቡ ደግሞ ጌጡን እየሠራ አንድ ዕቃ በሦስት እጅ ይጠናቀቅ ጀመር። በቀድሞ ቤቶች አንድ ሰፊ ፍሬም ይሠራና በርካታ ትናንሽ ፎቶግራፎች በአንድ መስታወት ሥር ተደርድረው ይገባሉ፤ ሟችና ልጅ፣ ወታደርና ተማሪ ጎን ለጎን። መስታወት ለመቆጠብ የተጀመረ ቢሆንም ድርድሩ የቤተሰብን ዝምድና በዓይን የሚያሳይ ጥሩ ፈጠራ ሆኖ ወጥቷል። ዛሬ ስልክ ሺህ ምስል ይይዛል፤ ታትሞ የሚሰቀለው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ፍሬም አያስፈልግም የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፤ በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ከሩቅ ዘመድ የሚላክ ምስል መንገድ አልነበረውም። ግድግዳ ላይ ያለው ምስል መስመር አይጠብቅም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ፤ እሱም አየሩና ነፍሳቱ ናቸው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ነቀምቴ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት ሲሆን አብዛኛው ከግንቦት እስከ መስከረም ነው። በእነዚህ ወራት የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፤ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ የተሰቀለ ካርቶን ያብጣል፤ ፎቶግራፉ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቅና ሲላቀቅ ፊቱ ይላጣል። በምዕራብ ወለጋ በመነ ሲቡ፣ በጃርሶና በነጆ አካባቢ ደግሞ ምስጥ ሰብልና ቤት የሚያወድም የታወቀ ጠላት ነው፤ በግድግዳ ላይ የጭቃ መተላለፊያ እየሠራ ወጥቶ እንጨትና ወረቀት ይበላል። በዚህ አገር ያማረ ፍሬም ማለት በመጀመሪያ የማይበላና የማይሻግት ፍሬም ነው። ለዚህ የሚረዱ ዘዴዎች ቀላል ናቸው፤ ብዙዎቹም ልማድ ውስጥ አሉ። የቀድሞ ሰዎች ፎቶግራፍን ከላይ ገፍተው ወደ ፊት ዘንበል አድርገው ይሰቅሉ ነበር፤ ለተመልካች እንዲመች ቢሆንም ከጀርባው አየር እንዲያልፍ ያደርጋል። ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱ ማዕዘን ቁራጭ እንጨት ወይም የጠርሙስ ቆርኪ ቢለጠፍ ያው ጥቅም ይገኛል። በፎቶግራፉና በመስታወቱ መካከል በመስኮት ቅርጽ የተቆረጠ ወፍራም ወረቀት ማስገባት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ እንዳይነካኩ ይለያቸዋል። የዱቄት ሙጫ ለእንቁጣጣሽ ሥራ ይበቃል፤ ለዓመታት ለሚሰቀል ነገር ግን ሻጋታና ነፍሳት ስለሚጠራ አናጺዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ ይሻላል። የተራ ካርቶን አሲድም ከጊዜ ጋር ፎቶግራፉን ያደበዝዛል፤ ቢቻል ከምስሉ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ነጭ ንጹሕ ወረቀት ይሁን። ውጭውን ግድግዳ ትቶ በክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ መስቀልም ዋጋ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

የጥሬ ዕቃውን ነገር ሳስብ ተስፋ የማደርገው እዚህ ላይ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ወረቀትና የፕላስቲክ አበባ ከውጭ የሚገባ ነው፤ ወንጂ የሚገኘው የወረቀት ፋብሪካችንም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚሆን ወረቀት አያቀርብም። ወለጋ ግን የቃጫ አገር ናት። የበቆሎ ምድር በመሆኗ ከመከር በኋላ የበቆሎው ሽፋን በየማሳው ይወድቃል። ሽፋኑ በአመድ ውኃ ለሰዓታት ከተቀቀለ፣ ከታጠበ፣ በሙቀጫ ከተወቀጠና በውኃ ተበጥብጦ በጨርቅ በተወጠረ ወንፊት ከተጠለለ ሸካራና ውብ ወረቀት ይሆናል፤ ቻይናዊው ጻይ ሉን እ.ኤ.አ. በ105 አካባቢ ለቤተ መንግሥት እንዳቀረበው የሚነገርለት ወረቀት ሥረ መሠረቱ ከዚህ አይለይም። የእንሰት ቃጫ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። እንሰት የሻይ ከረጢት ወረቀት ከሚሠራበት የአባካ ተክል ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ረጅምና ጠንካራ ቃጫ አለው። በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ ሱቆች ከደረቀ የኮባ ቅጠል ተቆርጠው የተለጠፉ ምስሎች ያሏቸው ካርዶች ሲሸጡ ኖረዋል፤ ቅጠሉ በተፈጥሮው ከነጣ ያለ ቢጫ እስከ ጥቁር ቡናማ ስለሚያወጣ ቀለም መግዛት አያስፈልግም። ከዚህ ላይ የምዕራቡ ቀርከሃ ለጠርዝ፣ አክርማውም ለጥልፍ ቢጨመርበት ከነጆ የሚወጣ ፍሬም በመርካቶ ካለው ፍሬም በመጀመሪያ ዕይታ ይለያል። ለቀምት በሚል ስም በዓለም ገበያ የሚታወቀው የወለጋ ቡና ዋጋ ያገኘው ከሌላው ቡና ስለሚለይ ነው፤ ፍሬሙም እንዲሁ።

ከባዱ ተቃውሞ ግን የዋጋ ነው። ከውጭ የሚመጣ የፕላስቲክ ፍሬም ርካሽ ነው፤ ምስጥም አይበላውም፤ አንዲት ሴት ሁለት ቀን የደከመችበት ሥራ ከእሱ ጋር በዋጋ ተወዳድሮ አያሸንፍም። ይህን መካድ አይገባም። ስለዚህ በእጅ የተሠራው ፍሬም የፕላስቲኩን ገበያ መንጠቅ ሳይሆን ሌላ ገበያ ማግኘት አለበት፤ የሰርግ ስጦታ፣ የምረቃ ማስታወሻ፣ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የሚያስመርቃቸው ተማሪዎችና ከወለጋ ወጥተው በውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች የሚፈልጉት ዕቃ። ይህ ገዢ ርካሹን አይጠይቅም፤ የአገሩን ምልክት ይጠይቃል። ምልክቱ ደግሞ በነቀምቴ በወለጋ ሙዚየም በቅርብ አለ፤ እዚያ የተሰበሰቡት የኦሮሞ የእንጨትና የስፌት ዕቃዎች ለጠርዝ ጌጥ የሚሆን ቅርጽ ሞልቷቸዋል። ሰው በግጭት ከቤቱ በሚፈናቀልበት ዘመን ስለ ጌጥ ማውራት ቅንጦት ነው የሚልም አለ፤ ይህን ቃል አክብሬ እሰማለሁ። ነገር ግን ከምሥራቅ ወለጋም ሆነ ከሌሎቹ ዞኖች ጓዙን ጥሎ ለወጣ ቤተሰብ የጠፋው ምስል ከጠፋው ዕቃ ያላነሰ ያሳዝናል። መስታወት የሌለው፣ ታጥፎ የሚከፈት፣ ከካርቶንና ከእንሰት ወረቀት የተሠራ የፎቶግራፍ መያዣ በብብት ይያዛል፤ እንዲህ ያለውን መሥራት ከሁሉ በፊት ቢታሰብበት ደስ ይለኛል።

ሌላው ዓለም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ክብር ሲሰጥ አይተናል። ዩኔስኮ የቻይናን የወረቀት ቆረጣ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የጃፓንን የእጅ ወረቀት በ2014 በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል። ሁለቱም አገሮች ሙያውን ያቆዩት በመዝገብ ሳይሆን እናት ለልጅ፣ መምህር ለደቀ መዝሙር ስለሚያስተላልፍ ነው። በወለጋም ሥራው በቤት ይኖራል፤ የጎደለው መገናኛ ነው። የስፌት ባለሙያዎች ከፎቶ ቤቶችና ከአናጺዎች ጋር አይገናኙም፤ የመምህራን ኮሌጁ የወረቀት ሥልጠና ከክፍል መርጃ አልፎ ወደ ገበያ አይሄድም፤ በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የሚደራጁ ወጣቶች ኮብልስቶንና ብሎኬት እንጂ የወረቀት ሥራ ሲሰጣቸው አይሰማም። አንድ ወንፊት፣ አንድ ሙቀጫ፣ አንድ ጆንያ የበቆሎ ሽፋንና ሁለት ኪሎ ኮላ የሚጠይቅ ሥራ ከዚያ ይልቅ በአነስተኛ ገንዘብ ይጀመራል፤ በክረምት ዝናብ ሰው ቤት በሚውልበት ወቅት የሚሠራ፣ በመስከረም ለእንቁጣጣሽና ለኢሬቻ፣ ከዚያም ለሰርግ ወራት የሚደርስ ነው።