ኳሱ በሐምሌ፣ ገንዘቡ በኅዳር

የጉቴ ተመልካች የመጪዎቹን ወቅቶች ዕቅድ ሲያወጣ ነጋዴው ምን ሊያነብበት ይገባል?

የቴሌቪዥን ተመልካች ዕቅድ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የመዝናኛ ገጽ ወሬ ተደርጎ ይወሰዳል። ይሁን እንጂ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ ዲሽ፣ ጄኔሬተርና ስታቢላይዘር ለሚነግድ፣ ወይም በአነስተኛ ከተማ ኳስ የሚያሳይ ቤት ለመክፈት ለሚያስብ ሰው ይህ ዕቅድ የገበያ መረጃ ነው። ተመልካቹ በየትኛው ወር ይቀመጣል? በስንት ሰዓት? በዚያ ወር ኪሱ ውስጥ ምን አለ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመልስ ዕቃ የሚጭን ነጋዴ ገንዘቡን መጋዘን ውስጥ ቆልፎ ክረምቱን ሊያሳልፍ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የጉቴ ነዋሪ እንውሰድ። ጉቴ ከነቀምቴ በስተምሥራቅ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የዋዩ ቱቃ ወረዳ ከተማ ናት። የምንወስደው ሰው አነስተኛ የቡናና የእህል ንግድ አለው፣ ባለትዳር ነው፣ ልጆች አሉት፣ የእንግሊዝን ኳስ ይወዳል። ስም አያስፈልገውም። በነቀምቴም፣ በጊምቢም፣ በነጆም፣ በሻምቡም እሱን የመሰለ ሞልቷል።

ሰዓቱ

የዚህ ሰው ዓመት የሚጀምረው በነሐሴ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ20 ክለቦች መካከል 38 ሳምንት፣ በጠቅላላው 380 ጨዋታ የሚካሄድበት ሲሆን እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ቅዳሜ እንግሊዝ አገር ከቀትር በኋላ የሚጀመረው የተለመደው ጨዋታ ጉቴ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል። እንግሊዞች በጥቅምት ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ደግሞ ወደ 12 ሰዓት ይሸጋገራል። ለነጋዴ ሰው ይህ ሰዓት ምቹ ነው፤ ገበያ ተበትኗል፣ ሱቅ ሊዘጋ ነው፣ ወደ ቤት ለመግባት ገና ጊዜ አለ።

የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2024/25 ውድድር ጀምሮ ተካፋዮቹ ከ32 ወደ 36፣ ጨዋታዎቹም ከ125 ወደ 189 ከፍ ብለዋል። ለተመልካቹ ጠቅሞታል ቢባልም አብዛኛው ጨዋታ በአውሮፓ ክረምት የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ሲያልቅ 7 ሰዓት ይጠጋል። ነገ ማለዳ ሚዛን ላይ የሚቆም ሰው በሳምንት ሁለትና ሦስት ሌሊት እንዲህ ሊያመሽ አይችልም። በተጨማሪም በወለጋ ባለፉት ዓመታት በነበረው ግጭት ሳቢያ የምሽት እንቅስቃሴ ሲገደብ እንደነበረ አይዘነጋም። ስለዚህ የማክሰኞና የረቡዕ ጨዋታ ለኳስ ማሳያ ቤቱ የሚያስገባው ገቢ ከቅዳሜና እሑዱ ጋር አንድ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም።

በታላላቅ ውድድሮች ረገድ ሰዓቱ ይበልጥ ይለያያል። ለ2026 የዓለም ዋንጫ 48 ቡድኖችና 104 ጨዋታዎች ተመድበዋል፤ ጊዜው ከሰኔ 4 እስከ ሐምሌ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቦታው አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ ነው። በኒውዮርክ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ የሚጀመር ጨዋታ ጉቴ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን፣ እዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚጀመረው ግን እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በሌሊቱ 10 ሰዓት መግቢያ ከፍሎ ቤቱን የሚሞላ ሕዝብ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2028 በሎስ አንጀለስ የሚዘጋጀው ኦሊምፒክም በሰዓት ረገድ ከዚህ የባሰ ነው፤ የማታ ውድድራቸው እኛ ዘንድ ጎህ ሲቀድ ነው።

በአንፃሩ ለ2027 የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጅነት የተመረጡት ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ናቸው። የናይሮቢም፣ የካምፓላም፣ የዳሬሰላምም ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪውማ እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፤ «ሰዓት አንድ» ሲል ልክ እንደኛ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። የጉቴ ተመልካች እንዲህ ያለ ምቹ ውድድር በየዓመቱ አያገኝም። በዚያው ዓመት መስከረም ቤጂንግ ላይ የሚካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮናም እንደ እነሱ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 11 እስከ 19፣ ማለትም በአዲሱ ዓመታችን ዋዜማና ሳምንት ላይ ይውላል። የቤጂንግ ምሽት ለእኛ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ቤተሰብ በሙሉ በዓሉን እያከበረ ሩጫውን ማየት ይችላል።

ኪሱ

ሰዓቱ ተመቸ ማለት ግን ገበያው ተመቸ ማለት አይደለም። ጉቴ ላይ ገንዘብ የራሱ ወቅት አለው።

የወለጋ ቡና በውጭ ገበያ «ለቀምቲ» በሚል መጠሪያ የሚታወቅ ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው ከነቀምቴ ነው። የምርት ገበያውም ቡና የሚረከብበት ማዕከል ጊምቢ ላይ አቋቁሟል። ቀይ ቡና ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ በቆሎውም ስለሚሰበሰብ ገንዘቡ በብዛት የሚንቀሳቀሰው በእነዚህ ወራት ነው። እስከ ጥር ድረስ ቴሌቪዥን የሚገዛ ይገዛል፣ ቤቱን ቆርቆሮ የሚያለብስ ያለብሳል፣ የሚድርም ይድራል። ከሚያዝያ በኋላ ገንዘቡ ወደ ዘርና ማዳበሪያ ይዞራል። ሰኔና ሐምሌ የአርሶ አደሩ ኪስ የሚደርቅበት ወቅት ሲሆን፣ ከአርሶ አደሩ ጋር የሚነግደው የከተማ ሰውም አብሮ ይደርቃል።

በሞሮኮ የተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ከታኅሣሥ 12 እስከ ጥር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. የዋለ በመሆኑ ከቡናው ገንዘብ ጋር ገጥሞ ነበር። የ2027ቱ ግን በሰኔና በሐምሌ እንዲሆን ነው የታቀደው። ሰዓቱ ምቹ፣ ኪሱ ባዶ ማለት ነው። የዓለም ዋንጫም በዚሁ ወቅት ነው። ካፍ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 እንዳስታወቀው ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫ ከ2028 በኋላ በየአራት ዓመቱ ብቻ ይካሄዳል። እንግዲህ በየሁለት ዓመቱ አንድ ትልቅ ውድድር ይመጣልኛል ብሎ ስሌት የያዘ ነጋዴ ቁጥሩን ማስተካከል ይኖርበታል።

ዕቃው በሙሉ በዶላር የሚመጣ መሆኑም ሌላው ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የቡና ሻጩ ብር በዚያው ልክ ቢጨምር እሰየው፤ ደመወዝተኛው ተመልካች ግን ያው ነው። በመሆኑም ሰኔ ላይ ለውድድሩ ብሎ በብድር ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ይደርስበታል።

ዲሹ

በወለጋ ከተሞች ሁለት ዓይነት ዲሽ አለ፤ የሚከፈልበትና የማይከፈልበት።

የማይከፈልበት እ.ኤ.አ. በ2020 ትልቅ ለውጥ አይቷል። ቀደም ሲል የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በናይልሳት ይተላለፉ ስለነበር ዲሹ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያደርግ ነበር። ጣቢያዎቹ በኢትዮሳት ስም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ሲሸጋገሩ ዲሹም ወደ ምሥራቅ ዞረ። በዚያ ወቅት የተጠቀመው አስመጪው ብቻ አልነበረም፤ መሰላል ተሸክሞ ከጣሪያ ጣሪያ የሚወጣው ዲሽ ገጣሚም እንጀራውን አግኝቷል። ኤች ዲ የማይከፍት አሮጌ ሪሲቨር በብዛት ያከማቸ ነጋዴ ግን ዕቃው እጁ ላይ እንዳይቀር የሚያሰጋ ጊዜ ነበር።

የሚከፈልበት ዲኤስቲቪ ነው። ሳተላይቱ በ36 ዲግሪ ምሥራቅ የቆመ ሲሆን ነቀምቴም በዚያው በ36 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከከተማዋ አናት በላይ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ነው ማለት ይቻላል። ባለቤትነቱ ተለውጧል፤ የፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ መልቲቾይስን በእጁ ያስገባው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ነው። ባለቤት ሲለወጥ የጥቅልና የዋጋ አወጣጥ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ዲኮደር በብዛት ከመግዛት በፊት የወኪሉን ውል በጥንቃቄ ማንበብ ተገቢ ነው። የቤት ካርድ ይዞ ሕዝብ ሰብስቦ ማስከፈል ደግሞ ከውሉ ውጭ ነው፤ ለንግድ ቤት የተለየ ክፍያ አለ። ይህን ሳይቆጥር ቤት የሚከፍት ሰው ትርፉን አላሰላም ማለት ነው።

«ኢንተርኔት እያለ ዲሽ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ይህን ማለት ይቻላል። በምዕራብ ኦሮሚያ ግን ከጥር እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ዲሹን ከጣሪያው አያወርድም።

የቤቱ ሪሞት

እስከ አሁን ስለ ኳስ ተናገርን። ቤት ውስጥ ግን ሪሞቱ ዘወትር በአባወራው እጅ አይደለም። ቃና እ.ኤ.አ. በ2016 የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ከጀመረ ወዲህ፣ ምሽት ላይ የሚታየውን የምትወስነው እመቤቲቱ የሆነችበት ቤት ጥቂት አይደለም። ኢቢኤስ አለ፤ በአፋን ኦሮሞ የሚያሰራጨው ኦቢኤንም በጉቴ ቤቶች የራሱ ቦታ አለው። የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ልዩ ዝግጅቶችም አሉ።

ነጋዴው ሊያስተውል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ይህ ተመልካች ወርሃዊ ክፍያ አይከፍልም፣ ወቅትም አይጠብቅም። የሚፈልገው የሚሠራ ሪሲቨር፣ መብራት ሲዋዥቅ ቴሌቪዥኑን የሚያድን ስታቢላይዘርና ቅርብ የሆነ ጠጋኝ ነው። ትርፉ በአንድ ዕቃ ትንሽ ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። ባለ ኳሱ ግን አንድ ጊዜ በብዛት ይገዛል፣ ከዚያ ይጠፋል።

ማሳያ ቤቱ ሲሰላ

ፊንጫና ነሼ ኃይል የሚያመነጩት በወለጋ ውኃ ነው። ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋ ዋት ተመርቋል። ነገር ግን ግድብ መኖሩና የከተማው ሽቦ ከሐምሌ ነፋስና መብረቅ መትረፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኳስ የሚያሳይ ቤት ያለ ጄኔሬተር አይታሰብም።

ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላ። መግቢያው 20 ብር ነው፤ ኅዳር ላይ ቅዳሜ 40 ሰው ገባ እንበል። ገቢው 800 ብር ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ቢሠራ፣ በሰዓት አንድ ሊትር የሚበላ ቢሆንና ሊትሩ በ130 ብር ቢታሰብ፣ ለሁለት ሰዓት 260 ብር ይወጣል። ከ40ው ሰው 13ቱ ለቤንዚን ገቡ ማለት ነው፤ 540 ብር ይተርፋል። አሁን ደግሞ ሐምሌ ላይ እንሁን። ዝናብ አለ፣ ገንዘብ የለም፣ የመጣው 18 ሰው ነው። ገቢው 360 ብር፣ ቤንዚኑ ያው 260፤ የቀረው 100 ብር። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ የዲኤስቲቪ ክፍያና የሠራተኛ ደመወዝ ሊወጣ ነው። በዚያ ላይ ዶፍ ዝናብ ሲወርድ የሳተላይት ምስል ስለሚቆራረጥ፣ ጎሉን ያላየ ተመልካች ገንዘቡን መልሱልኝ ማለቱ አይቀርም።

ምን ይሻላል?

ከዚህ በመነሳት የተመልካቹ ዕቅድ እንዲህ ቢሆን ይጠቀማል። ቴሌቪዥንና ዲሽ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ገንዘብ በእጅ ሳለ ይገዛ። ወርሃዊ ክፍያውን ዓመቱን ሙሉ ከመክፈል ይልቅ ከጥቅምት እስከ ጥርና በውድድሩ ማብቂያ በሚያዝያና በግንቦት ይክፈል፤ በቀሩት ወራት ቤተሰቡ በነፃው ዲሽ ይቆይ። የ2027ቱን የአፍሪካ ዋንጫ በቤቱ ለማየት የሚሻ ከወዲያኛው ቡና ሽያጭ ላይ ቆርጦ ያስቀምጥ።

ለነጋዴው ደግሞ ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ትልልቅ ዕቃ ከመስከረም መጨረሻ በፊት ነቀምቴ መግባት አለበት፤ የቡናው ብር እንደወጣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይጠብቀው። ሁለተኛ፣ በሰኔና በሐምሌ ውድድሮች ዕቃ ሳይሆን ወንበር፣ ሻይና ጥገና ነው የሚሸጠው፤ 20 ብር የሌለው ሰው የለም፣ 20 ሺህ ብር ያለው ግን በዚያ ወር ጥቂት ነው። ሦስተኛ፣ ማሳያ ቤት የሚከፍት ሰው ኪራዩን በወር ሳይሆን በወቅት ቢዋዋል፣ የማታውንም ጨዋታ ከትርፍ እንጂ ከመነሻ ስሌት ውስጥ ባያስገባ ይመረጣል።

ውድድሮቹ የሚካሄዱበትን ወር ዙሪክና ካይሮ የተቀመጡ ሰዎች ይወስናሉ። ቡናው የሚቀላበትን ወር ግን የጉቴ ነጋዴ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። አስመጪ ወኪሎች ለቀጣዩ ውድድር በብዛት እንዲያነሳ ሲወተውቱት የሚፈርመውን የዱቤ ወረቀት ቀን አስቀድሞ ይመልከት፤ መክፈያው ሐምሌ ላይ ከዋለ ወደ ጥር እንዲዛወርለት ይጠይቅ።