ለተሰረቀ ሰው ስለሚደርስ መጥሪያ



ታክሲ ለመሳፈር በሚጋፉበት ሰዓት ተንቀሳቃሽ ስልክዎ ከኪስዎ ተሰረቀ እንበል። ጩኸት ተሰማ፤ አንድ ወጣት ተያዘ፤ እርስዎም እስከ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቃልዎን ሰጡና ፈርመው ተመለሱ። ወራት አለፉ። ሌላ ስልክ ገዝተው ነገሩን ከረሱት በኋላ፣ አንድ ቀን ጧት የመሥሪያ ቤትዎ ተላላኪ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከጠረጴዛዎ ላይ ያኖራል። ከላይ የፍርድ ቤቱ ስም፣ ቀጥሎ የመዝገብ ቁጥር፣ ከታች ደግሞ በተባለው ቀንና ሰዓት እንዲቀርቡ የሚያዝ ቃል ይነበብበታል። ባልደረባዎም አንገቱን አስግጎ «ምን ጥፋት ተገኘብዎ?» ይላል።

ምንም ጥፋት አልተገኘብዎም። ወረቀቱ የምስክርነት መጥሪያ ነው። ከሳሽ በሚለው ስፍራ የተጻፈው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ተከሳሽ በሚለው ስፍራ ያለውም የተያዘው ሰው ስም ነው። እርስዎ ከምስክሮች ተራ ነዎት፤ በሕግ ቋንቋም «የግል ተበዳይ» ይባላሉ።

ብዙ ሰው ግን «ንብረቱ የእኔ ስለ ሆነ ክሱም የእኔ ነው፤ ስፈልግ እከሳለሁ፣ ስፈልግ እተዋለሁ» ይላል። በአያቶቻችን ዘመን እንዲህ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ አንዳንድ ጊዜም በሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ተበዳዩ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ጠባቂ፣ ራሱም ተሟጋች ነበርና ሥራውን ፈትቶ ይከርም ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ክሱን የማቅረብን ሥራ በዐቃቤ ሕግ እጅ አድርጎታል። ስለዚህ ለእርስዎ የቀረው ሸክም አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ያዩትንና የደረሰብዎትን መናገር።

«አንድ ስልክ ነው፤ ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ» ብሎ ቀጠሮውን መተው ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ይህ ደግነት ማንን እንደሚጎዳ ልብ ይበሉ። ምስክር ያልቀረበ እንደ ሆነ ነገሩ ለሌላ ቀን ሊቀጠር ይችላል። ተከሳሹ ዋስ አጥቶ በእስር ላይ ካለ፣ እርስዎ ሻይዎን በሚጠጡበት ሰዓት እርሱ ሌላ ቀጠሮ ይቆጥራል። የሰረቀ ከሆነ በማስረጃ ጉድለት ሊለቀቅ ይችላል። ያልሰረቀ ከሆነ ደግሞ «የለም፣ ይህ ሰው አይደለም» የሚለው የእርስዎ ቃል ነጻ ሊያወጣው ሲችል በከንቱ ይሰነብታል። በግርግር መካከል የተያዘ ሁሉ ሌባ አለመሆኑን ከተሜ ሁሉ ያውቃል።

ከዚህም ሌላ፣ በሕግ ተጠርቶ ያለ በቂ ምክንያት መቅረት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ ፍርድ ቤቱም ምስክሩን ፖሊስ ይዞት እንዲቀርብ ሊያዝ ይችላል። ሕመም ወይም ሌላ እውነተኛ ችግር ቢገጥምዎ አስቀድመው ማስረጃ ይዘው ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያስታውቁ። ለአለቃዎም መጥሪያውን ያሳዩ።

አስቸጋሪው የሽማግሌ ነገር ነው። የልጁ እናት ሽማግሌ አስከትላ ከደጅዎ ቆማ «ልጄን ይማሩልኝ» ስትል ልብዎ መራራቱ አይቀርም። ይቅር ማለትን ማንም አይከለክልዎትም። ዳሩ ግን ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ስለ ሆነ፣ የእርስዎ ይቅርታ ብቻውን የስርቆትን ክስ አያፈርሰውም። ቀርበው እውነቱን ይናገሩ፤ ንብረትዎ ተመልሶልዎት ወይም ተክሰው እንደ ሆነም ይህንኑ ያስረዱ። በደለኛው ተጸጽቶ ያደረሰውን ጉዳት መካሱ ቅጣትን ከሚያቀሉት ምክንያቶች አንዱ ነውና። ያዩትን «አላየሁም» ብሎ መማል ግን ምሕረት ሳይሆን በሐሰት መመስከር ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

በችሎት በመጀመሪያ ዐቃቤ ሕጉ፣ ቀጥሎም ተከሳሹ ወይም ጠበቃው ይጠይቅዎታል። የሁለተኛው ጥያቄ መስቀለኛ ጥያቄ ይባላል። «በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እጁን እንዴት አዩት?» ቢባሉ እንደ ተሰደቡ አይቁጠሩት፤ ቃልዎ የሚፈተነው እንዲህ ነው። የማያውቁትንም «አላውቅም» ቢሉ ክብርዎ አይጎድልም።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ መብት ደግሞ አለ። የዚሁ ሥነ ሥርዓት ሕግ 154ኛ ቁጥር እንደሚለው፣ ተበዳይ ክሱ መሰማት በሚጀምርበት ጊዜ የካሣውን ዓይነትና ልክ በጽሑፍ አመልክቶ፣ ካሣው ከወንጀሉ ነገር ጋር አብሮ እንዲታይለት ሊጠይቅ ይችላል። ማመልከቻው ተቀባይነት ባያገኝ በፍትሐ ብሔር የመክሰስ መንገድ አለ። ስለዚህ የግዢውን ደረሰኝና 15 አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር የታተመበትን ካርቶን ካልጣሉት ይዘው ይሂዱ። ነገሩ ለሌላ ቀን የተቀጠረ እንደ ሆነም፣ አዲሱን ቀን ከችሎቱ ጸሐፊ ጠይቀው በማስታወሻዎ ሳይጽፉ ከግቢው አይውጡ።